በጨለማ የሚያበራ የሽጉጥ ማነጣጠሪያ፦ የትኛው ያዋጣል?

ሥራዬ ሰዓት ማደስ ነው። አዳማ፣ ከፖስታ ቤት ብዙም ሳይርቅ፣ አንድ ሰው ከቆመባት ሁለተኛው የማይገባባት ሱቅ አለችኝ። ሰዓት ሠሪን ስለ ሽጉጥ ምን አገባው ትሉ ይሆናል። ያገባዋል። በጨለማ የሚያበራ የሰዓት ገጽና በጨለማ የሚያበራ የሽጉጥ ማነጣጠሪያ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ቀለሙም ጋዙም፣ ዕድሜያቸውም ሕመማቸውም አንድ ነው።

ነገሩን ያነሳሳው አንድ የሠፈራችን ጋሼ ናቸው። ከሞጆ ደረቅ ወደብ ዕቃ የሚያመላልሱ ሁለት መኪኖች አሏቸው። ከመጋዘን አምሽተው ሲገቡ የሚይዙት ፈቃድ ያለው ማካሮቭ ሽጉጥ አለ። ሱቄ ሲመጡ ሽጉጡን አልያዙም፤ ደግ አደረጉ። የያዙት ስልካቸውን ነው። አሜሪካ ያለው ልጃቸው የማነጣጠሪያ ፎቶ ልኮላቸዋል። በድቅድቅ ጨለማ ውስጥ ሦስት አረንጓዴ ነጥቦች እንደ ድመት ዓይን ፍጥጥ ብለዋል።

"ይሄን ላስመጣ ወይስ አንተ ቀለሙን ትቀባልኛለህ?" አሉኝ።

ለዚህች ጥያቄ ሁለት ማኪያቶና ግማሽ ቀን ጨረስን። እዚህ የምጽፈው ያን ቀን የተባባልነውን ነው፤ ያኔ ሳልነግራቸው ያመለጠኝንም ጨምሬበታለሁ።

የሚያበራው ነጥብ ምን ይነግራችኋል?

ይሄ ካልገባን ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው። ማነጣጠሪያ ማለት ሽጉጡ ላይ ከፊትና ከኋላ የቆሙት፣ በዓይን አሰልፈን የምናነጣጥርባቸው ጉጦች ናቸው፤ የሚያበሩት ነጥቦች እነሱ ላይ ናቸው። ነጥቡ የሚነግራችሁ አፈሙዙ ወዴት እንደዞረ ብቻ ነው። ፊታችሁ የቆመው ማን እንደሆነ አይነግራችሁም። ሌባ ይሁን ዘበኛ፣ አምሽቶ በአጥር ዘሎ የገባ የገዛ ልጃችሁ ይሁን፣ ነጥቡ ምን ገዶት!

ስለዚህ ማነጣጠሪያው የሚጠቅመው ፊት ለፊታችሁ ያለው ነገር ትንሽም ቢሆን እየታየ፣ የሽጉጣችሁ ጥቁር ብረት ግን ሲጠፋባችሁ ነው። ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ማለት ነው። ወይም በሩ ላይ መብራት በርቶ እናንተ ጥላ ውስጥ ስትሆኑ። ሙሉ ጨለማ ከሆነ ግን ሦስቱ ነጥቦች ቢሰለፉም የተሰለፉት ወደማታዩት ነገር ነው። ይሄን ስነግራቸው ጋሼ ማኪያቶውን ማማሰል አቆሙ።

ትሪቲየም

በፎቶው ላይ ያለው ይሄ ነው። ትሪቲየም የሃይድሮጅን ዘር የሆነ ጋዝ ነው፤ ጨረር ያመነጫል። ከሩዝ ፍሬ የቀጠነች የመስታወት ቱቦ ውስጥ ይታሸጋል። የቱቦዋ የውስጥ ግድግዳ የሚያበራ ዱቄት ተቀብቷል። ከጋዙ የሚወጡት ቅንጣቶች ዱቄቱን ሲመቱት ያበራል። ድንጋይ አይፈልግም፣ ቻርጅ አይፈልግም፣ ማብሪያ ማጥፊያ የለውም። ቀንም ሌትም እንደበራ ነው፤ ቀን ላይ አይታይም እንጂ።

ትልቁ ጥቅሙም እዚህ ላይ ነው። ሽጉጥ ቀኑን ሙሉ ኮት ሥር ወይም መሳቢያ ውስጥ የሚውል ዕቃ ነው። ትሪቲየም ግን ፀሐይ አየ አላየ ግድ የለውም። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቢወጣም እንደበራ ነው።

እንከኑ ዕድሜው ነው። ትሪቲየም በ12.3 ዓመት ግማሹ ያልቃል። አዲስ ሲሆን 100 ነበር ብንል፣ በ10 ዓመቱ 57 ገደማ ይቀራል፤ በ20 ዓመቱ 32። ዱቄቱም አብሮ ስለሚያረጅ በዓይን የሚታየው ብርሃን ከዚህም ያንሳል።

መሳቢያዬ ውስጥ አንድ የድሮ የስዊስ ሰዓት አለ። ገጹ ላይ፣ ከስድስት ቁጥር ሥር፣ በጉንዳን ጽሕፈት "ቲ ስዊስ ሜድ ቲ" ይላል። ሁለቱ ቲዎች ቀለሙ ውስጥ ትሪቲየም አለ ማለት ናቸው። ባለቤቱ ሲገዛው ሌሊት ያነበው ነበር። አሁን ነጥቦቹ ያረጀ ቅቤ መስለው ቢጫ ሆነዋል። አንድ ማታ ሱቁን ዘግቼ፣ መብራት አጥፍቼ፣ ግማሽ ሰዓት ቁጭ ብዬ አየሁት። ድርግም ያለ ጨለማ። የዚያ ዘመን ሰዓት በቀለም ስለሆነ ከዛሬው የጋዝ ቱቦ ቶሎ ይደክማል። ሆኖም የሁለቱም መንገድ አንድ ነው፤ አንዱ ፈጠን ይላል፣ ሌላው ይዘገያል።

ለገዢ የምመክረው ታዲያ የተሠራበትን ዓመት ጠይቁ ነው። መደርደሪያ ላይ ስድስት ዓመት የቆየ ዕቃ ከመቶው ሰባ ያህሉን ብቻ ይዟል፤ "አዲስ ነው፣ ካርቶኑ አልተከፈተም" ቢባልም ጋዙ ካርቶን አይቶ አይቆምም። ማነጣጠሪያ ያለው አሮጌ ሽጉጥ የሚገዛ ሰው ደግሞ ዕቃውን ቀን ላይ አይቶ እንዳይዋዋል።

ጨረር የሚለው ቃል የሚያስደነግጠው ብዙ ሰው አለ። ጋሼም ደንግጠው ስልካቸውን ትንሽ ራቅ አደረጉት፤ ፎቶውን! የትሪቲየም ጨረር በጣም ደካማ ነው። አየር ላይ ጥቂት ሚሊሜትር ከሄደ ያበቃለታል። መስታወቱንም ሆነ የሰው ቆዳን አልፎ አይገባም። የሚያሳስበው ቱቦዋ ስትሰበር ነው። ያኔ መስኮት ከፍቶ ክፍሉን ለቆ መውጣት፣ ስብርባሪውን በባዶ እጅ አለመንካት፣ ከነኩትም እጅን መታጠብ ነው። በመርፌ ልክፈታት፣ ጋዝ ልሙላባት የሚል የእጅ ባለሙያ ካጋጠማችሁ ዕቃችሁን ተቀብላችሁ ውጡ። የሚሞላ ነገር አይደለም። ቱቦዋ ከደከመች ትቀየራለች፣ ወይ ማነጣጠሪያው እንዳለ ይቀየራል።

አሁን ወደ ነጥቦቹ አደራደር። የተለመደው ሦስት እኩል ነጥብ ነው፦ ሁለት ከኋላ፣ አንድ ከፊት። ፎቶ ላይ ያምራል። ጨለማ ውስጥ ግን ሦስቱም አንድ ዓይነት ሲሆኑ፣ ለደነገጠ ሰው የትኛው የፊቱ፣ የትኛው የኋላው እንደሆነ ይምታታል። የፊቱ ነጥብ ከሁለቱ መሐል ወጥቶ ጎን ላይ ቢሰለፍም ሦስት ነጥብ በአንድ መስመር ይታያል። ሰውየው ተስተካከለ ብሎ ያስባል፤ አፈሙዙ ግን ወደ ጎረቤት ግድግዳ ዞሯል።

ስለዚህ እኔ ብሆን የምመርጠው የፊቱ ደማቅ፣ የኋላው ደብዛዛ ወይም ጭራሽ ጥቁር የሆነውን ነው። የፊቱ ቱቦ ዙሪያ ብርቱካናማ ወይም ቢጫ ቀለበት ያለው ዓይነት አለ። ትሪጂኮን የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ "ኤችዲ" ብሎ ከሚሸጣቸው አንዱ እንደዚያ ነው፤ ሌሎችም ይሠሩታል። ቀን ላይ ቀለበቱ ዓይን ይስባል፣ ማታ ቱቦው ይረከባል። ቱቦው አረንጓዴ ቢሆን ይመረጣል፤ በጨለማ የሰው ዓይን ለአረንጓዴ አካባቢ ንቁ ስለሆነ በእኩል ጋዝ ከቀዩና ከብርቱካናማው ይልቅ ደምቆ ይታያል። ዋጋው በአሜሪካ ገበያ ለጥንዱ ከ60 እስከ 150 ዶላር ግድም ነው። ወደ ብር መቀየሩን ለእናንተ ትቻለሁ፤ ቀኑን አታበላሹ።

ብርሃን ጠጥቶ የሚያበራ ቀለም

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናዘዝ።

ይሄ ቀለም አብዛኞቹ የዛሬ ሰዓቶች የሚቀቡት ነው። ስትሮንቲየም አሉሚኔት ይባላል። በ1993 እ.ኤ.አ. ኔሞቶ የተባለ የጃፓን ኩባንያ ይዞት ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ ትሪቲየምን ከሰዓት ገጽ ላይ ገፋው። ጨረር የለውም። መብራት ሥር ይጠጣል፣ ጨለማ ውስጥ ይተፋል። ርካሽ ነው። እኔም አንድ ጠርሙስ አለኝ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ደንበኛ ከሽጉጡ የተፈታ ማነጣጠሪያ በክብሪት ቀፎ ይዞልኝ መጣ። ብረቶቹን ብቻ። "እንደ ሰዓቴ አብራልኝ" አለ። ምን ከበደኝ! በአጉሊ መነጽር ሥር፣ በስንጥር ጫፍ፣ የፊቱን ጉድጓድ ሞላሁ፤ የኋላዎቹን ሁለቱንም ሞላሁ። የኋላዎቹ ጉድጓዶች ጠለቅ ይሉ ስለነበር ቀለሙ እዚያ ወፈር አለ። መብራት አጥፍቼ አየሁት፤ እንደ ገና ዛፍ ያበራል። ኮራሁ። ሃምሳ ብር ጨምሬ ጠየቅሁት።

በሦስተኛው ቀን ተመለሰ። ሦስት ቅሬታ ይዞ ነበር፤ ሦስቱም ልክ። አንደኛ፣ የኋላዎቹ ሁለቱ ወፍራም ስለሆኑ ይደምቃሉ፤ ዓይኑ እነሱ ላይ እየቀረ የፊቱን ነጥብ ያጣዋል። ሁለተኛ፣ ሽጉጡን ከማኅደሩ ሲያወጣው ምንም አያበራም። እንዴት ያብራ? ቀኑን ሙሉ ጨለማ ውስጥ ውሏል፤ ምን ጠጥቶ ይተፋል? ሦስተኛ፣ በዘይት ሲወለውለው አንዱ ነጥብ ተልጦ ጨርቁ ላይ ቀርቷል።

ገንዘቡን መለስኩ። ቀለሙንም ፋቅሁለት።

ቀለሙ መጥፎ ሆኖ አይደለም። እጅ ላይ ለሚውል ሰዓት የተፈጠረ ነው፤ ሰዓት ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲጠጣ ይውላል። ከዚያም ቢሆን መብራት በጠፋ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ይደምቅና በፍጥነት ይወርዳል፤ የቀረውን ሰዓት የሚያሳልፈው በደብዛዛነት ነው። የሽጉጥ ኑሮ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ሁልጊዜ ጨለማ ውስጥ፣ ሳይታሰብ ወደ ጨለማ። ማነጣጠሪያ ሲሸጥላችሁ "ያበራል" የሚል ብቻ ከተጻፈበትና ዋጋው በጣም ከቀነሰ፣ አብዛኛውን ጊዜ ይሄው ቀለም ነው። መፈተኛው ቀላል ነው፦ አንድ ሌሊት መሳቢያ ውስጥ ዘግታችሁ አሳድሩት። ከዚያ በጨለማ ክፈቱ። ትሪቲየም ከሆነ ይጠብቃችኋል።

ፋይበር

ቀጭን ባለቀለም የፕላስቲክ ዘንግ ነው። ከጎኑ ብርሃን ይሰበስብና በጫፉ ያወጣዋል። በአዳማ የሰባት ሰዓት ፀሐይ እንደ ፍም ይነዳል፤ በዚህ ረገድ የሚስተካከለው የለም። ማታ ሞቷል። ኢላማ ተኩስ ለሚለማመድ ስፖርተኛ ይሁን። የሽጉጥ ማጽጃ ፈሳሽ አንዳንዱ ዘንጉን ይበላዋል፤ ሲመታም ይሰበራል። ከኋላው የትሪቲየም ቱቦ የተገጠመለት ድብልቅ አለ፤ ትሩግሎ የሚባለው ኩባንያ ይታወቅበታል። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ግን የሚሰበር ነገር ሁለት ሆነ ማለት ነው።

ቀይ ነጥብ

ይሄኛው ከብረት ማነጣጠሪያ ሌላ ነገር ነው። ሽጉጡ ላይ ትንሽ መስታወት ይቆማል፤ መስታወቱ ላይ አንድ ቀይ ወይም አረንጓዴ ነጥብ ይታያል። የፊትና የኋላ ማሰለፍ የለም። ነጥቡን የምትመቱት ነገር ላይ ማሳረፍ ነው፤ አለቀ።

ዕድሜያችን ከ45 ላለፈ ሰዎች ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ከዚያ ዕድሜ በኋላ ዓይን በክንድ ርቀት ያለውን የፊቱን ብረት አጥርቶ ማየት ይቸገራል። እኔ ራሴ ያለ አጉሊ መነጽር ብሎን አላይም። ቀይ ነጥብ ግን ዓይናችሁን ሩቅ ላይ እንዳሳረፋችሁ ይታያል። የዓይናቸው የፊት ሽፋን ቅርጹ የተዛባባቸው ሰዎች (ሐኪሞች አስቲግማቲዝም ይሉታል) ደግሞ ነጥቡ ክብ ሳይሆን እንደ ኮከብ ወይም እንደ ፈሰሰ ቀለም ይሆንባቸዋል። ዕቃው ተበላሽቷል ብላችሁ ከመመለሳችሁ በፊት በስልክ ካሜራ ፎቶ አንሱት። ፎቶው ላይ ክብ ከሆነ የሚታየው ሐኪም ዓይናችሁን ነው።

አሁን ችግሩ። አንደኛ በድንጋይ ነው የሚሠራው። ብዙዎቹ ሲአር 2032 የምትባለውን ክብ ድንጋይ ይበላሉ፤ ሱቄ ያለችው ናት። አምራቾች በመካከለኛ ብርሃን እስከ 50,000 ሰዓት ይላሉ። በወረቀት አምስት ዓመት ከምናምን ይሆናል። እኔ ግን በቀን ስንት ሲአር 2032 እንደምቀይር አውቃለሁ፤ ከካርቶኗ ስትወጣ ግማሽ የሆነች አለች፣ ታዋቂ ስም ተለጥፎባት ስሙ የሷ ያልሆነ አለች። ቀይ ነጥብ ካላችሁ፣ እንቁጣጣሽ በመጣ ቁጥር ድንጋይዋን ሳትሞት ቀይሯት።

ሁለተኛ አቧራ። አዳማን የሚያውቅ ያውቃል። ኮረብታው ላይ ያ ሁሉ የንፋስ ማማ የተተከለው ንፋሳችን ስለማይቀልድ ነው። በጥር በየካቲት ሱቄን በጠዋት ስከፍት መስታወቱ ላይ ስም ይጻፍበታል። ነጥቡን የምትረጨው ቀዳዳ ላይ አንዲት አቧራ ካረፈች ነጥቡ ይንሻፈፋል ወይ ይጠፋል። ቀኑን ሙሉ ላብና አቧራ ለሚጠጣ ኮት ሥር የሚውል ዕቃ ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። ጎኑ ሁሉ የተዘጋ ዓይነት አለ፤ እሱ ይሻላል፣ ዋጋው ግን ላይ ነው።

ሦስተኛ፣ ሽጉጡ የተዘጋጀ መሆን አለበት። ግሎክ የሚባለው የሽጉጥ አምራች ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለመስታወቱ ማስቀመጫ ከላይ ተፈልፍሎ የመጣ ዓይነት ያወጣል፤ ሌሎችም ተከትለዋል። የድሮ ሽጉጥ ከሆነ ብረቱን በማሽን ማስፈልፈል ነው። ያንን ደግሞ በር ለሚበይድ ሰው አይሰጡትም።

የእናንተ ሽጉጥ ምን ይቀበላል?

ጋሼን ያስቀየማቸው ይሄኛው ነው። የማካሮቭ የፊት ማነጣጠሪያ ተለይቶ የተገጠመ አይደለም። ከላይኛው ተንሸራታች ብረት ጋር አንድ ሆኖ የተቀረጸ ነው። አይፈታም፣ አይወልቅም። የኋላው ብቻ ነው በጎድጎዳ መስመር ገብቶ የተቀመጠው። ስለዚህ ልጃቸው የላከው ፎቶ ለማካሮቭ አይሆንም። ግድ ከተባለ የፊቱን ጉጥ በስቶ ቱቦ መክተት ይቻላል፤ ግን የጠመንጃ ባለሙያ ሥራ ነው። እኔ "ልሞክር?" አላልኩም፤ ከክብሪት ቀፎው ወዲህ አደብ ገዝቻለሁ።

ግሎክ ላይ ነገሩ ቀላል ነው። ከፋብሪካ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ፕላስቲክ ነው። የፊቱ ከሥር በአንዲት ትንሽ ብሎን ታስሯል፤ የኋላው በጎን ተገፍቶ ይወጣል። ለመግፋት በብሎን የሚጨመቅ መሣሪያ አለ። በመዶሻ የሚነካካ ሰው ካያችሁ ልብ በሉ፦ ብረቱ ውስጥ ያለችው የመስታወት ቱቦ ናት።

ሌላው ወረቀቱ ነው። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ። ማንኛውንም ነገር ከማስመጣታችሁም፣ ሽጉጡ ላይ ከመለወጣችሁም በፊት ፈቃዱን የሰጣችሁ አካል ዘንድ ሄዳችሁ ጠይቁ። ዘመድ በሻንጣ ከካልሲ ጋር ጠቅልሎ ያምጣልኝ የሚባል ነገር አይደለም። ቦሌ ላይ የሚቆመው ዘመዳችሁ ነው እንጂ እናንተ አይደላችሁም።

ምንም የማያበራው

ጥቁር ብረት ላይ የጥፍር ቀለም። አትሳቁ። የፊቱን ጉጥ ጀርባ መጀመሪያ በአልኮል ጠርጋችሁ ነጭ ትቀባላችሁ፤ ሲደርቅ በላዩ ብርቱካናማ። ከሥሩ ነጭ ከሌለ ብርቱካኑ ይደበዝዛል። የኋላውን እንዳለ ጥቁር ተዉት። ቀን ላይና ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ዓይን ወዲያው ያገኘዋል። ሲላጥ ደግማችሁ ትቀባላችሁ። ከመጀመራችሁ በፊት ግን ካዝናውን አውጡ፣ ተንሸራታቹን ብረት ስባችሁ ውስጡ ጥይት አለመቅረቱን በዓይንም በጣትም አረጋግጡ፣ ጥይቱን ሌላ ክፍል አስቀምጡ። የጥፍር ቀለሙን ከባለቤት መዋስ የራሱ ጣጣ አለው፤ ጋሼ "ለሽጉጥ ነው ብላት ታምነኛለች?" አሉ።

ከሁሉ በፊት ባትሪ

እኛ የእጅ መብራቱን "ባትሪ"፣ ባትሪውን ደግሞ "ድንጋይ" የምንል ሰዎች ነን። እዚህ የማወራው ስለ እጅ መብራቱ ነው።

ቅድም ያልኩትን አስታውሱ፤ የሚያበራው ነጥብ ማን እንደቆመ አያሳይም። ባትሪ ያሳያል። ብዙ ሰው የማያስተውለው ደግሞ ሁለተኛው ጥቅሙ ነው፦ ፊት ለፊት ያለውን ስታበሩበት፣ የሽጉጡ ጥቁር ማነጣጠሪያ ብርሃኑ ላይ እንደ ጥላ ተቀርጾ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ስለዚህ ባትሪ የያዘ ሰው የሚያበራ ነጥብ ባይኖረውም አይጎዳም። ነጥብ ያለው ባትሪ የሌለው ግን አያይም። እንዲያውም ደማቅ ብርሃን ካያችሁ በኋላ ዓይን ጨለማን መልሶ እስኪለምድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል፤ በዚያ መሐል የትሪቲየሟ ነጥብ ራሷ የደከመች ትመስላችኋለች።

ሽጉጡ ላይ የሚገጠም መብራት አለ። እኔ ለቤት ሰው አልወደውም። ያበራችሁበትን ሁሉ አፈሙዝ ደግናችሁበታል ማለት ነው፤ ዘበኛውን፣ ጎረቤቱን፣ ውኃ ሊጠጣ የተነሳውን ልጅ። በሌላኛው እጅ የሚያዝ ይሁን።

ሲገዙ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ሉመን፣ የብርሃኑን መጠን ማለት ነው፣ አትመኑ። ማታ ሂዱና ሱቁ ደጃፍ ላይ አብሩት፤ ማዶ ያለ ሰው ፊት ከለየ ይበቃል። 18650 የምትባለዋ ጣት የምታህል የሚሞላ ድንጋይ ላይ 9900 የሚል ቁጥር ካያችሁ ውሸት ነው። በዚያ መጠን የሚሠሩት የታወቁት ጥሩዎቹ 3500 ሚሊ አምፔር ሰዓት ገደማ ላይ ነው የሚቆሙት። ያጋነነ ቁጥር የተጻፈባት ብዙ ጊዜ ከሐቀኛዋም ታንሳለች። ማብሪያው አንድ ጊዜ ሲጫኑት ሙሉ ብርሃን የሚሰጥ ይሁን። አንዳንዱ መጀመሪያ ደብዛዛ፣ ቀጥሎ ብልጭ ድርግም፣ ቀጥሎ የእርዳታ ጥሪ ነው፤ ሌባው እስክትጨርሱ አይጠብቅም። የስልክ መብራት ከአልጋ እስከ መጸዳጃ ቤት ነው።

እንግዲህ ማን ምን ይያዝ?

ማካሮቭ ያለው ወይም የፊት ማነጣጠሪያው የማይፈታ ሽጉጥ የያዘ፦ የጥፍር ቀለምና ጥሩ ባትሪ። የቀረው ገንዘብ ይቀመጥ።

ማነጣጠሪያው የሚፈታ አዲስ ሽጉጥ ያለው፣ ፈቃዱንም ጠይቆ የጨረሰ፦ የፊቱ ደማቅ የኋላው ጥቁር ትሪቲየም፣ የተሠራበት ዓመት የቅርብ። እሱም ከባትሪው ቀጥሎ።

ዓይኑ የደከመ፣ ሽጉጡ ተፈልፍሎ የመጣ፣ አቧራ መጥረግና ድንጋይ መቀየር የማይሰለቸው፦ ቀይ ነጥብ። የብረቱንም ማነጣጠሪያ ሳያስወልቅ፤ መስታወቱ የጠፋ ዕለት ይፈለጋል። ከሦስቱ አንዱ የጎደለው ሰው ይቅርበት።

ፋይበርና የሚጠጣው ቀለም ለኮት ሥር ሽጉጥ ከእኔ ዝርዝር ወጥተዋል።

ጋሼ ያን ቀን ቅር ብሏቸው ሄዱ። ከሁለት ሳምንት በኋላ የእጅ ሰዓታቸውን ድንጋይ ሊያስቀይሩ ሲመጡ አዲስ ባትሪ ኪሳቸው ውስጥ ነበር። አውጥተው ቀን በቀን ዓይኔ ላይ አበሩብኝ። ባለፈው ሐሙስ ሌሊት ግቢያቸው ውስጥ ኮሽታ ሰምተዋል። አንድ ሰው አጥሩን እየተደገፈ የሚተነፍስ ይመስል ነበር አሉ። በመስኮት አበሩበት። ከአንድ ጋሪ የተፈታ ፈረስ ነው፤ በተገፋው በር ገብቶ ቆሟል።

"ሽጉጡስ?" አልኳቸው።

"ቁም ሳጥን ውስጥ ነዋ።" ሰዓታቸውን ጆሯቸው ላይ አስጠግተው አዳመጡ። "ጽጌረዳውን ግን ጨርሶልኛል።"